የካፒቴን ኔሞ መርከብ በዙላ ደጃፍ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የንባብ ንዑስ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



የዛሬው አጀንዳ ሁለት ነጥብ እንዳለው ሰብሳቢው ነግረዋችኋል። አንደኛው የጥበቃ ሠራተኞቻችን ደመወዝ ነው። ሁለተኛው ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን ያለችው ክፍል ጉዳይ ነው። ክፍሏ ለሱቅ ትከራይ ወይስ የልጆች ማንበቢያ ሆና ትቀጥል የሚለው የሚወሰነው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው። ከዚያ በፊት የንባብ ንዑስ ኮሚቴው ሐሳቡን እንዲያቀርብ ተጠይቋል። እኛም ስለ ንባብ ጥቅም የተለመደውን ስብከት ከመደርደር ይልቅ፣ ልጅ ሳለን እንቅልፍ የነሱንን መጻሕፍት ፈልገን አውጥተን እንደገና አነበብናቸው። ያገኘነውንም ይዘን ቀርበናል።

መጻሕፍቱ የፈረንሳዊው ደራሲ የዡል ቬርን ናቸው። ዡል ቬርን በ1828 እ.ኤ.አ. ናንት በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ፤ በ1905 እ.ኤ.አ. አረፈ። ከ1863 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ድንቅ ጉዞዎች» በሚል ስብስብ ሥር ከ50 የሚበልጡ ልብ ወለዶች አሳትሟል። ዛሬ የሳይንስ ልብ ወለድ የምንለው የጽሑፍ ዓይነት አባት ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው። እኛ ያነበብነው ለትምህርት ቤት በቀላል እንግሊዝኛ ያጠረውን ቅጂ ነበር። አንዱን መጽሐፍ ከሰፈር አከራይ በስሙኒ ወስደን አራት አምስት ልጆች እንቀባበለዋለን፤ መጨረሻው ገጽ ተቀዶ ሲገኝ ደግሞ እያንዳንዳችን የየራሳችንን መጨረሻ እንፈጥርለት ነበር።

ለምን ወደድነው ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ሰፈራችን ይመስለናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄት አውሮፕላኖች በ1955 ዓ.ም. ካስገባ ወዲህ፣ በቦሌና በገርጂ በኩል ያደገ ልጅ ከራሱ በላይ የሚያጓራ ሞተር ሳይሰማ ውሎ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን በዚህ ስብሰባ ላይ ጆሮ ሰጥታችሁ አዳምጡ፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ተናጋሪው ዝም ይላል። እንግዲህ በሰማይ የሚሄደውን ብረት በየቀኑ የሚያይ ልጅ፣ በባሕር ሥር የሚሄድ ብረት አለ ቢሉት አይደነግጥም። ባሕሩን ግን አብዛኞቻችን አላየነውም ነበር። የእኛ ውኃ ክረምት ሲገባ የሚሞላው ወንዝ ነው። ባሕርን፣ ማዕበልን፣ የባሕር ሥር ደንን ያየነው በዚያ ሰው ብዕር ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንግባ። ሦስት ተያያዥ መጻሕፍት አሉ። የመጀመሪያው «የካፒቴን ግራንት ልጆች» ነው፤ የጠፋ አባታቸውን ፍለጋ ዓለምን የሚዞሩ የሁለት ልጆች ታሪክ ነው። ሁለተኛው «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» ነው። ሦስተኛው «ምስጢራዊቷ ደሴት» ነው። ሁለተኛውን ያላነበበ እንኳን ስሙን ሰምቶታል። ፕሮፌሰር አሮናክስ፣ አሽከሩ ኮንሴይና ዓሣ አዳኙ ኔድ ላንድ መርከቦችን የሚመታውን የባሕር አውሬ ለማደን ይወጣሉ። አውሬ የተባለው ነገር ግን «ናውቲለስ» የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ሆና ትገኛለች። አለቃዋ ካፒቴን ኔሞ ነው፤ ስሙ በላቲን ማንም አይደለሁም ማለት ነው። ሦስቱ ሰዎች ከእሱ ጋር፣ እንግዳም እስረኛም ሆነው ዓለምን ይዞራሉ።

እዚህ ላይ ለልጆቹ አንድ ነገር እናስረዳ። ሃያ ሺህ ሊግ ሲባል ብዙ ሰው ጥልቀት ይመስለዋል። አይደለም። አንድ ሊግ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሃያ ሺህ ሊግ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የመሬት ወገብ ዙሪያ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ መርከቧ በባሕር ሥር የተጓዘችው ርቀት ነው፤ ዓለምን ሁለት ጊዜ የመዞር ያህል። ያን ያህል ወደ ታች ቢወረድማ መሬትን በስቶ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ገና ሌላ ብዙ መንገድ ይቀራል!

ስናነብ ያስደሰተን አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ቬርን ይለካል። መርከቧ 70 ሜትር ትረዝማለች፣ በሰፊው ቦታዋ 8 ሜትር ትሰፋለች፣ የምትሄደው በኤሌክትሪክ ነው ብሎ ይነግረናል። ነገሩን ከባዶ አላመጣውም። ፈረንሳዮች «ፕሎንዠር» የምትባል ሰርጓጅ መርከብ በ1863 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ አውርደው ነበር። ቬርን የሠራው ሥራ ያለውን ነገር ወስዶ «ይህ ቢያድግ የት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱም በጊዜው መጣ። አሜሪካኖች በ1954 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ ያወረዷት የመጀመሪያዋ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ስሟ «ናውቲለስ» ነው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አልፋለች።

ሁሉም ግን ልክ አልወጣለትም፤ ይህንንም ለልጆች መንገር ይገባል። በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጨረቃ ጉዞ መጽሐፉ ሦስት ሰዎች ከፍሎሪዳ ይነሳሉ፤ በተከታዩ መጽሐፍ ሲመለሱ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃሉ። አፖሎ 11 ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች ይዛ ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሳች፤ ስትመለስም ያረፈችው ፓስፊክ ላይ ነው። ይህ ያስገርማል። ነገር ግን ቬርን ሰዎቹን የላካቸው በሮኬት አይደለም፤ 270 ሜትር ያህል በሚረዝም መድፍ ተኩሶ ነው። እስቲ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አስሉት። በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ፣ ተሳፋሪው ከራሱ ክብደት ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ የሆነ ጫና ይወርድበታል። ጨረቃ ሊደርስ ይቅርና፣ ከመድፉ አፍ ሳይወጣ እንደ በርበሬ ይደቅ ነበር። መጽሐፉ ተሳሳተ ብለን አንጥለውም። እንዲያውም ስሌቱን ለመሥራት የሚያነሳሳን ያ ስሕተት ነው።

«ምስጢራዊቷ ደሴት» ለእኛ አገር ልጅ ከሁሉም ትቀርባለች ብለን እናምናለን። አምስት ሰዎችና አንድ ውሻ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በመጋቢት 1865 እ.ኤ.አ.፣ በፊኛ ከእስር አምልጠው ባዶ ደሴት ላይ ይወድቃሉ። በእጃቸው ምንም የለም። መሐንዲሱ ሳይረስ ስሚዝ የሁለት የኪስ ሰዓቶችን መስታወት ገጥሞ፣ መካከላቸውን በውኃ ሞልቶ፣ ዙሪያውን በጭቃ አሽጎ በፀሐይ እሳት ያነዳል። ጡብ ይጠፈጥፋሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፣ ብረት ያቀልጣሉ። እናቶቻችን ጀበናና ምጣድ ከጭቃ ሲሠራ ያዩ ናቸው፤ ሽማግሌዎቻችንም አንጥረኛ ወናፍ ሲነፋ ያውቃሉ። ስለዚህ ያ መጽሐፍ ሲነበብ አያትም ልጅም እኩል የሚናገሩት አላቸው።

ከዚያ መጽሐፍ አንድ ሒሳብ እናቅርብ። ወጣቱ ኸርበርት ከካፖርቱ ገበር ውስጥ አንዲት ፍሬ ስንዴ ያገኛል፤ አንዲት ብቻ። መሐንዲሱም ያሰላል። አንዷ ፍሬ አሥር ዛላ ብታወጣ፣ ዛላው 80 ፍሬ ቢይዝ፣ መጀመሪያው መከር 800 ፍሬ ይሰጣል። ያ ሁሉ ቢዘራ ሁለተኛው 640 ሺህ፣ ሦስተኛው 512 ሚሊዮን፣ አራተኛው ከ400 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ይህን ከአባላችን መካከል በእርሻ ላይ ላደጉ አንድ አባት ስናነብላቸው ሳቁና «ወፏስ? ዋጉስ? አረሙስ? ዝናቡስ ባይመጣ?» አሉን። ልክ ናቸው። ደራሲውም ቢሆን ማሳውን አሳጥሮታል፤ ማስፈራሪያም አስቁሞለታል። ይሁን እንጂ ልጁ ከዚህ የሚማረው ትልቅ ነገር አለ፤ የአንዲት ፍሬ ስንዴ ዋጋ የሚታወቀው ስትዘራ ነው። ይህን ስለ ክፍላችን ስንነጋገር እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ እንደገና በማንበባችን ብቻ ወዳገኘነው፣ በልጅነታችን ማንም ወዳላሳየን ነገር እንሻገር። «ናውቲለስ» ወደ ቀይ ባሕር ትገባለች። መጽሐፉ ቀኑን ሳይቀር ይነግረናል። ባብ ኤል መንደብን ያለፈችው የካቲት ሲጠባ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 8 ቀን 1868 ዓ.ም. ከሞካ ፊት ለፊት ነበረች። ይህ ቀን በእኛ ሲሰላ የካቲት 1 ቀን 1860 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ከዚያም ውኃው ወደሚጠልቅበት ወደ አፍሪካ ጠረፍ ተጠጋች። በማግሥቱ ከሱዋኪን ትይዩ ደረሰች። ከባብ ኤል መንደብ ተነስቶ ሱዋኪን የሚደርስ ደግሞ፣ ከዙላና ከምጽዋ ፊት ለፊት ሳያልፍ አይሄድም። ካርታ ዘርግተን በጣታችን ተከተልነው።

ታዲያ በዚያን ሰሞን፣ በእውነተኛው ዓለም፣ ዛሬ በኤርትራ ግዛት በምትገኘው በዙላ ምን ነበር? የጄኔራል ናፒየር ጦር ነበረ! ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዙላ ይራገፍ ነበር። ከ200 የሚበልጡ መርከቦች፣ 13 ሺህ ያህል ወታደሮች፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ ከጠረፉ ወደ ውስጥ የሚዘረጋ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ነበረው። ከወታደሮቹም እጅግ ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ልብ ወለዷ ሰርጓጅ መርከብ በዚያ ስታልፍ፣ ናፒየር ወደ ደጋው መውጣት ጀምሮ ነበር። ሁለት ወር እንኳን ብዙም ሳያልፍ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። እኛ በያዝነው ቅጂ ላይ ስለ ዙላ አንድ ቃል አላገኘንም። ካፒቴኑ ኮራሉንና የባሕሩን ቀለም አሳየን እንጂ፣ በደጃፋችን የተደረደሩትን መርከቦች አላሳየንም።

ነገሩን የበለጠ የሚያስገርም የሚያደርገው ኔሞ ማን እንደሆነ ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ አገሩ አይነገርም። ቬርን መጀመሪያ ያሰበው ቤተሰቡን ሩሲያውያን ያጠፉበት ፖላንዳዊ አድርጎ ነበር፤ አሳታሚው ኤትዜል ግን የሩሲያን ገበያ ፈርቶ አልተስማማም። በ«ምስጢራዊቷ ደሴት» ላይ ነው ምስጢሩ የሚገለጠው፤ ኔሞ ዳካር የሚባል የሕንድ ልዑል ነው። በ1857 እ.ኤ.አ. ሕንዶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ የተዋጋ፣ አገሩን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ያጣ ሰው ነው። በሴሎን ባሕር ዕንቁ የሚለቅመውን ድሃ ከሻርክ አፍ አውጥቶ ዕንቁ የሰጠው፣ ለነጻነታቸው ለተነሱት ለቀርጤስ ሰዎች ወርቅ የላከው ለዚህ ነው። እንግዲህ አስቡት። አገሩን በእንግሊዝ ያጣው ሕንዳዊ ልዑል በባሕሩ ሥር ያልፋል፤ የእሱ አገር ሰዎች ደግሞ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ሆነው በባሕሩ ላይ ወደ ሌላ ንጉሥ ይዘምታሉ። ይህን ማንም ደራሲ አልጻፈውም። ልብ ወለዱንና ታሪኩን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ግን ያገኘዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በመጽሐፉ ልዑል ዳካር በአሥር ዓመቱ ወደ አውሮፓ ለትምህርት ይላካል። የእኛው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። «ምስጢራዊቷ ደሴት» በ1874 እና በ1875 እ.ኤ.አ. ስትታተም ልጁ እዚያው እንግሊዝ አገር ነበር፤ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ አረፈ። የተፈጠረው ልዑል ተምሮ ተመለሰ፣ መርከብም ሠራ። እውነተኛው ልዑል አገሩን ዳግመኛ አላየም። ልጆቻችን የመጀመሪያውን ሲያደንቁ ሁለተኛውን ሳያውቁ እንዳይቀሩ እንፈልጋለን።

ስለ መጻሕፍትም ካነሳን፣ «ናውቲለስ» ውስጥ 12 ሺህ መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት አለ። ካፒቴን ኔሞ ከየብስ ሰዎች ጋር ሲቆራረጥ መጻሕፍቱን ግን ይዞ ነው የወረደው። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ያሰባሰቧቸው ብራናዎች ነበሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከመቅደላ የተዘረፈውን ንብረት ለማውረድ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ። ከብራናዎቹ ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ውስጥ ናቸው። መጽሐፍ ከአገር ሲወጣ ምን እንደሚጎድል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን።

አሁን ደስ ወደማይለው ጉዳይ እንግባ፤ አንደብቀውም። የዡል ቬርን የመጀመሪያ ልብ ወለድ በ1863 እ.ኤ.አ. የታተመው «አምስት ሳምንት በፊኛ» ነው፤ ከዛንዚባር ተነስቶ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ሴኔጋል ይደርሳል። ሙሉውን ቅጂ ስናነብ አፍሪካዊውን የሚያዋርድ ነገር ብዙ አገኘን። ተጓዦቹ በአንድ ቦታ የዝንጀሮ መንጋን የአገሬው ሰዎች ናቸው ብለው ይተኩሳሉ፤ ከዚያም በሰውና በዝንጀሮው መካከል ብዙ ልዩነት የለም እያሉ ይሳለቃሉ። «የካፒቴን ግራንት ልጆች» ላይም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች እንዲሁ ተንቀው ተጽፈዋል። «ምስጢራዊቷ ደሴት» ላይ ያለው ጥቁር ሰው ኔብ ጀግናና ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ነጻ ከወጣ በኋላም ከማድቤት አይወጣም።

ታዲያ ምን ይሻላል? በኮሚቴያችን ውስጥ ሁለት ሐሳብ ነበር። ግማሾቻችን «ልጅ በገዛ መልኩ ሲሳቅበት እያነበበ እንዴት ይደግ? ይቅርባቸው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «መጽሐፉ ቢወጣ ሐሳቡ ከዓለም አይወጣም፤ ልጁ በስልኩ ላይ የባሰ ያገኘዋል፤ ያኔ ከጎኑ ማንም የለም» አልን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ እዚህ ላይ ደረስን። «አምስት ሳምንት በፊኛ» ለትናንሾቹ አይሰጥ፤ ከሰባተኛ ክፍል በላይ ላሉት ግን ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር ሆነው ያንብቡት። ያም ታላቅ ሰው ሦስት ጥያቄ ይጠይቃቸው፤ ይህን የጻፈው ሰው አፍሪካን አይቶ ነበር ወይ? ከማን ሰምቶ ጻፈ? እናንተ ብትሆኑ በመሬት ላይ ካለው ሰው ወገን ሆናችሁ እንዴት ትጽፉት ነበር? ፊኛው በላዩ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ታሪክ ገና አልተጻፈም። ለምን ከዚህ ሰፈር ልጅ አይጽፈውም?

ይህን የምንለው ከባዶ ተነስተን አይደለም። በአገራችንም ደራሲ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ»ና «ዣንቶዣራ» በሚሉ ተከታታይ መጻሕፍቱ የጣናን ገዳማትና ረቂቅ ሳይንስን አገናኝቶ ወጣቱን ሌሊት ሲያስነብበው እንደነበር እናንተም ታስታውሳላችሁ። ድካሙም በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ «ሴባስቶፖል»ን ሲያሠሩ፣ ያልነበረን ነገር በአገር ውስጥ ለመሥራት ነበር የተመኙት፤ ምስሉ ዛሬ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተወንጭፋለች፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ተሠርቶ ነበር። ከዚህ ሰፈር ሆኖ እንጦጦን ለማየት ቀና ማለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ልጆች በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሌላም ጨዋታ አላቸው፤ ደራሲውን መያዝ። በአንዱ መጽሐፍ «ናውቲለስ» ከእነ አሮናክስ ጋር የተጓዘችው በ1867 እና በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። በሌላኛው ግን ኔሞ በ1868 እ.ኤ.አ. ሽማግሌ ሆኖ ሲሞት፣ ያ ጉዞ ከ16 ዓመት በፊት የሆነ ተደርጎ ይነገራል። አይገጥምም! ይህን ባለፈው ቅዳሜ በክፍሏ ውስጥ ለነበሩት ልጆች ሳንነግራቸው ሁለቱን ገጾች ብቻ ሰጠናቸው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ በጣቷ ቆጥራ «ዋሽቷል!» ብላ ጮኸች። የታተመ ነገር ሁሉ እውነት አለመሆኑን በዚህ ዕድሜ ማወቅ፣ በዘመናችን ከብዙ ወሬ ይጠብቃል።

እንግዲህ ወደ ክፍሏ እንመለስ። የኪራዩን ሐሳብ ያቀረቡትን አባላት አንወቅስም። ማኅበሩ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሌሊት ሙሉ በብርድ ቆመው የሚጠብቁን ሰዎች ደመወዝ በወቅቱ መከፈል አለበት፤ ይህ ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ሱቅ በዚህ መንገድ ላይ ስንት እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ ወይ? እኛ ከዋናው መንገድ እስከ ማኅበሩ በር ስንመጣ ሱቁን ቆጥረን ደከመን፤ ልጅ ያለ ክፍያ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ቦታ ግን አንድም አላገኘንም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ፤ የከተማው አዲስ ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ አለ፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ከእኛ ሰፈር ታክሲ ቀያይሮ ብቻውን እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ክፍሏ አትከራይ። ሁለተኛ፣ ለጥበቃ የሚጎድለው ገንዘብ በየቤቱ በሚደረግ አነስተኛ ጭማሪ ይሸፈን፤ የኮሚቴው አባላት ጭማሪውን ከዚህ ወር ጀምረን እንከፍላለን። ሦስተኛ፣ ቤታችሁ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ የልጆች መጽሐፍ ያላችሁ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ አምጡልን፤ የተቀደደ ገጽ ያለውንም እንቀበላለን። አራተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ ታላቅ ሰው እንፈልጋለን። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም ይምጡልን። ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ፣ ስንዴ እንዴት እንደሚዘራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ መሐንዲሱ ሳይረስ ስሚዝ ደሴቲቱ ላይ ያደረገውን እናንተ በመንደራችሁ ስታደርጉት ኖራችኋል። አምስተኛ፣ ልጆቹ የራሳቸውን የጉዞ ታሪክ ይጻፉ፤ የተሻለውን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣለን። መነሻው ከቦሌ ይሁን፣ መድረሻውን እነሱ ይምረጡ።

አሁን በክፍሏ ያሉት መጻሕፍት ሁለት መደርደሪያ አይሞሉም፤ ከካፒቴን ኔሞ 12 ሺህ ጋር አይወዳደሩም። ግን ለኸርበርት ከካፖርቱ ገበር የተገኘችው ፍሬም አንዲት ነበረች። ቢበሏት ለአንድ ሰው ጥርስ አትበቃም ነበር፤ ዘሯት፣ አጠሩላት፣ ጠበቋት። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው።

በሚቀጥለው ወር እጃችሁን ስታወጡ ይህን አስቡበት እንላለን። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ፤ ተቃውሞ ያለውም ይናገር፤ መልስ ለመስጠት ዝግጁ ነን።

የንባብ ንዑስ ኮሚቴው